ደረቁ ነደደ፣ እርጥቡ ግድግዳ ሆነ

ለተከበሩ አቶ ዋሲሁን
የቀበሌያችን የአረጋውያን ቤት እድሳት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ባለፈው ክረምት በእርጥብ እንጨት ስለተሠራልኝ የመሃል ግድግዳ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል፣ ቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የቢሮዎ ማኅተም ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ እያልኩ ወገቤን ጎንበስ አድርጌ እጠይቃለሁ። ወገቤ ገና ይጎነበሳል፤ ተመልሶም ይቃናል። ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ነው። በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ መርፌ ላይ ክር ያለ መነጽር እሰካለሁ፤ ውኃዬን ከቦኖ ራሴ እቀዳለሁ፤ ጋቢዬን ራሴ አጥባለሁ፤ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ትንሽ ታርራለች እንጂ ትበላለች። ማሽላዬ ሲያሸት ማማዬ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ ወፍ እጠብቃለሁ፤ ድንጋዬ ወፏን ባያገኛትም እንኳ ታፍርና ትነሣለች። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ልኩራራ ብዬ አይደለም። በመዝገብዎ ላይ ስሜ «አቅመ ደካማ» ከሚል ርእስ ሥር መስፈሩን ስለሰማሁ፣ መዝገቡን ለማቃናት ከእኔ በኩል የሚቻለኝን ለማገዝ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ከእርሻ ስመለስ ነው። ስለዚህ ጽሕፈቴ እዚህም እዚያም ቢጣመምብዎት፣ እናንተ ካቆማችሁልኝ ቋሚ ጋር አንድ ቤት ስለከረመ ከእሱ የቀሰመው ጠባይ ነው ብለው ይለፉት።

ደብዳቤዬን በፖስታ አሽጌ በማቅረብ ፈንታ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌም ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በየስብሰባው ስለ ግልጽነት ሲያስተምሩን ከኋላ ወንበር ሆኜ ሳዳምጥ ኖሬአለሁ፤ ትምህርቱ የገባኝ ግን ቤቴ ከታደሰ ወዲህ ነው። ግድግዳዬ ከዳር እስከ ዳር ግልጽ ሆኖ ሳለ ደብዳቤዬ ብቻ ተሸፋፍኖ ቢሄድ አያምርም ብዬ ነው።

ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለሚያነብ ሰው ነገሩ እንዲገባው ከሥሩ ልጀምር። ባለቤቴ ዘነበች ካረፈች ቆየች። አንድ ልጃችን ሄኖክ ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ በሮቢት መንገድ ተገልብጣ እሱንም ወሰደችው። ሚስቱ ዮርዳኖስ የዋጃ ልጅ ናት፤ ለቅሶው ሲበተን ጓዟን ጠቅልላ ወደ ወገኖቿ ትሄዳለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ ከኪራይ ቤታቸው እኔ ቤት መጥታ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት። «አቦይ፣ ጨው የት ነው የምታስቀምጡት?» አለችኝ። እነሱ አባትን አቦይ ነው የሚሉት። ከሄኖክ ወዲህ ማንም አባት ብሎ የሚጠራኝ አይኖርም ብዬ ነበርና፣ ጨው የት እንዳለ ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

ነገር ግን ቤቴ አንድ ክፍል ነው። ምራትና አማት በአንድ ክፍል እንደማያድሩ ለእርስዎ መንገር አያሻም፤ እርስዎም ምራት የሆነች እኅት ይኖርዎታል። ዮርዳኖስ ፊቴ ስትቆም ራሷን ሳትሸፍን ቀርታ አታውቅም፤ እኔም እሷ በምትተኛበት በኩል ዓይኔን አልጥልም። ይህን እያደረጉ አንድ ሰሞን ይቻላል፤ ዕድሜ ልክ ግን አይቻልም፤ ሰውም አፍ አለው። ስለዚህ እሷ እንድትቀር ከመሃል አንድ ግድግዳ መቆም ነበረበት። የፈለግሁት ይኸው ብቻ ነው፤ ከወዲያ በኩል ሰው እንዲኖር የሚያስችል ግድግዳ። ይህንንም ቢሆን እናንተን አልለመንኩም፤ እንጨቱን አዘጋጅቼ፣ ዝናቡ ሲያባራ ራሴ ላቆመው ነበር።

በዚህ መሃል ነው እናንተ የደረሳችሁልኝ። ውለታችሁ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ሳልጠራችሁ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። ነሐሴ ላይ አንድ አይነት ሰደርያ የለበሱ ወጣቶች ደጄን ሞሉትና «አባባ፣ ቤትዎ የእድሳቱ ተጠቃሚ ሆኗል» ብለው አበሠሩኝ። እርጥባን እንደማልቀበል፣ ገና ጉልበት እንዳለኝ ብነግራቸው፣ ከኋላ የቆመው አንዱ «ሽማግሌው ደረቅ ነው» ሲል ሰማሁት። ጆሮዬም ይሠራል፤ ከላይ ሳልዘረዝረው የቀረሁት ረስቼ ነው። ደረቅነቴን አልክድም። እንዲያውም በዚያ ክረምት በግቢዬ ከቆመው ሰውና ዕቃ መካከል ደረቁ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በዚያ ሁሉ እንጨት ፈንታ እኔኑ ቋሚ አድርገው ቢያቆሙኝ ኖሮ ግድግዳው እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ በተገኘ ነበር። በኋላ ግን ዮርዳኖስን አየኋት፤ በሩ ሥር ቆማ መልሴን ትጠብቃለች። ግድግዳው በቶሎ ከቆመ በቶሎ የምትረጋጋ እሷ ናት ብዬ ደረቅነቴን ዋጥኩና «ግቡ» አልኩ።

ሁለተኛ፦ ስለ እንጨቱ። ከደጋ በመኪና ተጭኖ የመጣው ባህር ዛፍ ሲራገፍ ከዝናቡ ይልቅ እሱ ያንጠባጥብ ነበር። ልጡ እንኳ አልተላጠም፤ እጄን ባሳርፍበት እንደ ጥጃ አፍንጫ ይቀዘቅዛል። ይህ እንጨት መቆረጡን ገና አልሰማም፤ እስከ ጥር ፀሐይ ይምታው፤ እኔም አልቸኩልም፣ ምራቴም ትታገሣለች ብዬ ለእርስዎ በአክብሮት ባመለክት የሰጡኝን መልስ እስካሁን እየመነዘርኩ አልጨረስኩትም። «አባባ፣ ይሄ እኮ የክረምት በጎ ፈቃድ ነው፤ በጋ ከገባማ ፕሮግራሙ ይዘጋል» አሉኝ። እውነትዎን ነው። ይኸው ጥር ገባ፤ በጎ ፈቃድ የሚባል ነገር በመንደሩ ፈልጌ አላገኘሁም። ደግሞም ቃሉን ሳስበው ጥፋቱ የእኔው ሆኖ አገኘሁት። ስሙ እርጥባን አይደለምን? እርጥባን የሚሰጥ ሰው እርጥብ እንጂ ደረቅ ይዞ ሊመጣ አይችልም።

ሦስተኛውን ምስጋና ለኋላ አቆይቼዋለሁ። እጄ እሱ ጋ ሲደርስ ትከብደኛለች።

አራተኛ፦ ስለ ፍጥነታችሁና ስለ ምረቃው። በእርጥብ እንጨት ላይ እርጥብ ጭቃ ተለጥፎ ምርጊቱ ገና በጣት ሲነካ እየሰመጠ፣ ከላይ እንግዶች ስለሚመጡ ቤቱ ይመረቅ ተባለ። ዘነበችና እኔ ተጋብተን በሠራነው በር ላይ ሪባን አሰራችሁና ቆረጣችሁት። ቤቴ ቁልፍ ኖሮት አያውቅም፤ በመወርወሪያ ነው የሚዘጋው። እርስዎ ግን ከየት እንዳመጡት የማላውቀውን ትልቅ ቁልፍ በእጄ አስጨብጠው ፎቶ አስነሡኝ፤ የገዛ ቤቴንም አስረከቡኝ። ፎቶውን ሰዎች በስልካቸው አሳይተውኛል፤ ስሜ አላምረው ነውና አላማረብኝም። ቁልፉ ዛሬም ትራሴ ሥር አለ። ግድግዳው ቀዳዳ ማውጣት በጀመረ ጊዜ በአንዱ ይገባ ይሆናል ብዬ ሞክሬዋለሁ።

ከዚያ «አባባ፣ ይመርቁን» አላችሁኝ። ሽማግሌ መርቅ ሲባል አይከለክልም። እኔም ቆሜ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን፣ «እንደሠራችሁልኝ ይሥራላችሁ» ብዬ መረቅኋችሁ። እርስዎም እንግዶቹም እጃችሁን ዘርግታችሁ «አሜን» አላችሁ። ያን ያህል ከልብ የወጣ አሜን በቤተ ክርስቲያንም ሰምቼ አላውቅም።

አምስተኛ፦ ይህኛው ከልቤ የማመሰግንበት ነው። መስከረም ሲጠባ፣ አደይ አበባው ውጭ ሲፈነዳ፣ የእኔም ግድግዳ ከመሃለኛው ቋሚ ላይ ቅጠል አወጣ። ጭቃውን ገፋ አድርጎ፣ ቀይ ለምለም ቡቃያ ብቅ አለ። ዮርዳኖስ አየችውና «አቦይ፣ ግድግዳችንን ውኃ ላጠጣው እንዴ?» አለችኝ። እኔም ቀበሌው በየዓመቱ ኮረብታ ላይ ከሚተክለው ችግኝ ሁሉ ይኸኛው ብቻ ስለጸደቀ ቶሎ ለእርስዎ ሪፖርት እንድታደርግ ነገርኳት። ሳቀች። በአፏ ላይ ነጠላዋን ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሄኖክ ከሞተ ወዲህ በቤቴ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ያ ነበር፤ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁና እውቅናውን አልነፍጋችሁም። ቅጠሉ ጥቂት ቆይቶ ጠወለገ።

ስድስተኛ፦ ጥቅምት ገባ። የቆቦ ፀሐይ የማንንም ፕሮግራም አይታ አታውቅም፤ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጣ እንጨታችሁን ከላይ ትመጥጠው ጀመር። ውኃው ሲወጣ እንጨቱ ኮሰሰ፤ ሲኮስስ ሚስማሩን ተፋው፤ ማገሩ አንዱ ወደ ቆላ፣ አንዱ ወደ ደጋ ተጣመመ። ጭቃው ገና ሻጋታው ሳይለቀው በትልልቁ እየተገመሰ ይወድቅ ጀመር፤ አንድ ጊዜ ዮርዳኖስ የጣደችው ድስት ውስጥ ገባና ምሳችንን ምርጊት አለበሰው። ስንጥቁ መጀመሪያ የጣት ነበር፤ ቆይቶ የእጅ መዳፍ የሚያስገባ ሆነ። እኔ ከወዲህ ተቀምጬ፣ ከወዲያ የሰቀለችው ቀሚስ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳልፈልግ አወቅሁት። ደጃፌ መጥቶ የሚጠራኝ ጎረቤትም ሁለቱንም ክፍል በአንድ ዓይን ጨርሶ ይሄዳል። ግልጽነት ይሉታል ይህ ነው።

እሷ በኩሏ የማዳበሪያ ጆንያ ሰቀለች። እኔ በኩሌ የዘነበችን ነጠላ ከሣጥን አወጣሁ። ከእሷ የቀረኝ ልብስ እሱ ብቻ ነበር፤ ሌላውን በአርባዋ ለድሆች ሰጥቼዋለሁ። ቀደድኩትና ስንጥቁን ጠቀጠቅሁበት። ጥለቱ ከጭቃው መሃል እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ ሲታይ፣ ዘነበች ራሷ በእኔና በልጇ ሚስት መካከል ቆማ ነውራችንን የምትሸፍን ይመስለኝ ነበር። ቢቻላት ኖሮ ትሸፍነው ነበር። እንጨታችሁ ግን በየቀኑ እየሳሳ ጨርቁን ይጥለው ያዘ።

በዚህ ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መምጣቴን ያስታውሱ ይሆናል። ወንበር ሰጡኝ፤ ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ፤ ደረቅ ነበር። ጉዳዬን ስነግርዎ መዝገቡን ገልጠው፣ ጣትዎን አንድ መስመር ላይ አሳርፈው፣ «አባባ፣ የእርስዎ ቤት እኮ ተጠናቋል፤ ሪፖርቱ ሄዷል» አሉኝ። ግድግዳው ተጣሞ ሳለ ሪፖርቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያን ሪፖርት ከምን እንጨት እንደሠራችሁት ብትነግሩኝ ለመንደሩ ሁሉ ይጠቅም ነበር።

አሁን ሦስተኛው። ከዚህ ወዲያ ላሸሸው አልችልም።

አንድ አንባቢ «አንተ ሰውዬ እንጨት አዘጋጅቼ ነበር ብለሃል፤ ታዲያ ግድግዳው ሲበላሽ በራስህ እንጨት ለምን አልሠራኸውም?» ይለኝ ይሆናል። ልክ ነው። እንጨት ነበረኝ። ከቤታችን ጀርባ የዘነበች ማድቤት ነበር፤ ትንሽ ጎጆ። እሷ ካረፈች ወዲህ እኔ እዚያ ገብቼ አልሠራሁበትም፤ ዮርዳኖስም በአክብሮት አልገባችበትም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ለዮርዳኖስ ግድግዳ ስል፣ ያን ማድቤት በገዛ እጄ አፈረስኩት። ቋሚውን በቋሚ፣ ማገሩን በማገር ለይቼ፣ ከቆርቆሮው ጥግ ሥር ደረደርኩት። ከሰል የመሰለ ጥቁር እንጨት ነው፤ የዘነበችን ጭስ ዕድሜ ልኩን የጠጣ። ጭስ የጠገበን እንጨት ምስጥ ቀምሶ ይተፋዋል። እሷ ዓይኗን እያሻሸች ያጨሰችው ጭስ አንድ ቀን ለልጇ ሚስት ግድግዳ ይሆናል ብዬ፣ ሳፈርሰው እንኳ አላለቀስኩም።

በምረቃው ቀን ፍልሰታ ተፈትቶ ነበርና ለእንግዶቹ ፍየል ታረደ። ወጣቶቹ ከግቢው ኋላ ጉልቻ ጎልተው፣ ከግድግዳው የተረፈውን ባህር ዛፍ እሳት ላይ ቢያደርጉት አረፋ ደፈቀ፣ አለቀሰ፣ ጨሰ፣ አልነድም አለ። እንግዶቹ እየደረሱ ነው፤ ወጡ አልተጣደም። እኔ ከፊት ለፊት ቁልፍ እየተቀበልኩ ሳለሁ እነሱ ከኋላ ዞር ሲሉ፣ የተደረደረ ጥቁር አሮጌ እንጨት አገኙ። ጎረቤቴ ራቢዓ በአጥሩ በኩል አይታቸው «ያ ረቢ! የሰውየው ቤት እኮ ነው የምታነዱት!» ብላ ብትጮህ፣ «እማማ፣ ይሄ ማገዶ ነው፤ የአባባ ቤትማ ይኸው በአዲስ እንጨት ተሠራላቸው» ብለው መለሱላት። ክፋት አልነበረባቸውም። እንዲያውም ፈገግ ብለው ነው። ራቢዓ አጥሩን አልፋ ገብታ አንዱን ቋሚ ከእሳቱ ጎትታ አወጣች፤ እጇንም እሳት ላሳት። የተረፈኝ እሱ ነው፤ ጫፉ የከሰለ አንድ ቋሚ።

እኔ ያወቅሁት በጭሱ ሽታ ነው። «ይመርቁን» ባላችሁኝ ቅጽበት ነፋሱ ከቤቱ ኋላ ዞሮ መጣ። ዘነበች በማድቤቷ ስታበስል የነበረው ሽታ ነው፤ እሷ ከሞተች ወዲህ አሽትቼው የማላውቀው። ለአንዲት ቅጽበት እሷ እሳት አያይዛ ምሳ ደርሷል ብላ የምትጠራኝ መሰለኝ። ከዚያ ምን እየነደደ እንደሆነ ገባኝ። ካሜራው እኔ ላይ ነበር፤ እንግዶቹ እጃቸውን ዘርግተዋል። ስለዚህ መረቅኋችሁ።

አባቶቻችን «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» ሲሉ ኖረዋል። በእርስዎ ሰብሳቢነት ተረቱም ታድሷል፤ ደረቁ ነደደ፣ እርጥቡ ግድግዳ ሆነ። ከወጡም ደርሶኛል። ሳህኑን ራስዎ ነዎት ያቀበሉኝ። ጣፋጭ ነበር፣ ክቡር ሆይ። በዘነበች እንጨት የበሰለ ወጥ መቼ ተበላሽቶ ያውቃል።

እንግዲህ የመጨረሻውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ምስጋና ስላልሆነ።

ኅዳር ላይ ግድግዳው ወደ ዮርዳኖስ በኩል ሆዱን ገፋ። አልጋዋን ወደ ጥግ ሳበች፤ ጥጉ ላይም ስንጥቅ ተከተላት። እኔ በዚያን ጊዜ ጋቢዬን ይዤ ወጣሁና ደጅ መደቡ ላይ መተኛት ጀመርኩ። ሙቀቱ ነው አልኳት። የቆቦ ሙቀት ለብዙ ውሸት ይበቃል። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ውሸቴ ከእኔው ጋር በረደ። እያሳለኝ ስገባ ውኃ አሙቃ ሰጠችኝና «አቦይ፣ ብርዱም ይሞቅዎታል?» አለችኝ። ውኃውን ጠጣሁና ተመልሼ መደቡ ላይ ተኛሁ። 

በማግስቱ እንስራውን ሞላች፤ ሽሮ ፈጭታ በጣሳ ሞልታ ከደነች፤ ጋቢዬን አጥባ ሰጣች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ እግሬ ላይ ወደቀች። «አቦይ፣ ሰውን ከገዛ አልጋው አስወጥቼ እኔ ውስጥ መተኛት አልችልም። እግዚአብሔር ይየዋል» ብላ በሚኒባስ ተሳፍራ ዋጃ፣ ወንድሟ ክብረት ዘንድ ሄደች። ማንም አላባረራትም። አልተጣላንም። ነውር የማታውቅ ብትሆን ኖሮ ዛሬም እዚህ በኖረች ነበር፤ ጨዋነቷ ነው የወሰዳት። በበር ቆሜ ሳያት ጆሮዬ ላይ የቀረው የሚኒባሱ ረዳት «ዋጃ! ዋጃ! አንድ ሰው!» እያለ የጠራው ነው። አንድ ሰው ነበር የጎደለው፤ ሞላለት።

እንጨታችሁ አሁን ደርቋል። ጣቴን አጥፌ ስመታው ይጮኻል፤ ምን ዓይነት እንጨት ወጣው መሰለዎት! በጎ ፈቃዳችሁ ጥር ድረስ ቢቆይ ኖሮ አገር የሚያቆም እንጨት ነበር። ብቻ ከወዲያ በኩል ማንም የለም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ካሣ ፈልጌ፣ ወይም ደግሞ ለሚመጣው ክረምት እንድትመዘግቡኝ አይደለም። እባክዎን ስሜን ይሰርዙልኝ። ያሉብኝን ዕዳዎች እኔው ራሴ እከፍላለሁ፤ ኮሚቴም፣ ሪባንም አያስፈልጋቸውም።

ለኮሚቴው እንጨቱን እመልሳለሁ። ግድግዳውን ትናንት አፍርሼዋለሁ። ቋሚውን ለብቻ፣ ማገሩን ለብቻ አስሬ፣ ሚስማሩን ነቅዬ በጣሳ አድርጌ፣ በቢሮዎ ግድግዳ ሥር ደርድሬዋለሁ፤ ሲገቡ እንዳያደናቅፍዎት። የተጣመመውን ለማገር፣ ቀጥ ያለውን ለቋሚ አድርጉትና ለሚቀጥለው ሽማግሌ ሥሩለት። አሁን ደረቅ ስለሆነ እርጥባን አይባልም፤ ሰውየው ሳያፍር ሊቀበለው ይችላል።

ለራቢዓ፦ የእጇ ቁስል ቢሽርም ስታጥብ አሁንም ያማታል። የአጥሯ በር ወድቋል፤ እኔ አቆምላታለሁ። እሷ «ኧረ አያ አላምረው፣ ይተዉት!» ትላለች። አልተወውም።

ለዘነበች፦ የቀደድኩትን ነጠላዋን ቁርጥራጩን ከጭቃው ለቅሜ አጥቤዋለሁ። ከላይ እንዳልኩት መርፌ ላይ ክር መስካት እችላለሁ።

ለዮርዳኖስ ግድግዳ አለብኝ። ማሽላዬ ገብቷል፤ ስለዚህ ማማዬን አፍርሼዋለሁ። ስንት ዓመት በሜዳ ፀሐይ ሲጠበስ የኖረ ግራር ነው፤ ከአሁን ወዲያ የሚወጣለት ውኃ የለም። ለከርሞ ወፏን ከመሬት ሆኜ እጮኽባታለሁ፤ ብትስቅብኝም ትሣቅ። ራቢዓ ከእሳት ያወጣችውን ጥቁሩን ቋሚ ከመሃል አቆመዋለሁ፤ የተቀረው እሱን ይደገፍ። ጭቃውን ረግጫለሁ፤ ጉልበቴ አሞኛል፤ ቢሆንም ረግጫለሁ። ምርጊቱ ሲያልቅ አልቸኩልም። እጄን እያሳረፍኩ እጠብቀዋለሁ። ቀዝቃዛነቱ ሲለቀው ያን ጊዜ ጋቢዬን ለብሼ፣ ሽማግሌ ሳልክ፣ ስልክ ሳላስደውል፣ ዋጃ ወርጄ ክብረት ደጃፍ እቆማለሁ። ነይ አልላትም፤ እሱ የእሷ ነው። «ልጄ፣ ግድግዳው ደርቋል» ብቻ እላታለሁ።

በጎ ፈቃድዎን እግዚአብሔር በበጋም እንዲያቆይልዎ የምለምነው፣ በመዝገብዎ አቅመ ደካማ፣ በመንደሩ ደረቅ፣ በዋጃ ደግሞ አቦይ የምባለው፤

አላምረው ተገኝ
(ፊርማዬን ራሴ ፈርሜአለሁ፤ አውራ ጣቴ ጭቃ ላይ ናት)
ቆቦ፣ ወርኃ ጥር

ሳልረሳው፦ ያን ዕለት የመረቅኋችሁን ምርቃት ላነሳላችሁ አስቤ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ምርቃቱ የእኔ ቢሆንም አሜኑ የእናንተ ስለሆነ ከእጄ ወጥቷል አሉኝ። እርስዎ ገና ወጣት ነዎት፤ እስኪያረጁ ብዙ ጊዜ አለዎት። ምክሬን ከሰሙኝ ደረቅ እንጨት ከአሁኑ ያጠራቅሙ፤ እንግዳ ሲመጣብዎት ግን ይደብቁት።